የደረጃው ሥር ባልዲ

እኔ የውሻ ወዳጅ ተብዬ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ አንዱ ነክሶኝ ሆዴ ላይ መርፌ ተወግቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ውሻ የተኛበት መንገድ ካጋጠመኝ ዞሬ ነው የማልፈው። ስለዚህ ያቺን ቡናማ ውሻ እየጎተትኩ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ የገባሁ ዕለት፣ ከጎረቤቶቼ ሁሉ ይበልጥ የገረመው እኔን ነበር።

ከሜክሲኮ ከሥራ ስወጣ የታክሲው ሰልፍ ሲያስመርረኝ በእግሬ እመለሳለሁ። የማቋርጠው በጌጃ ሰፈር በኩል ነው። ያን ሰሞን የሰፈሩ አንድ ጎን ፈርሶ ነበር። ሰዎቹ ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ወደየተሰጣቸው ቤት ሄደዋል፤ የቀረው የድንጋይ ክምር፣ የተሰነጠቀ ሊሾ፣ እዚህም እዚያም ሳይነቀል የቆመ የግቢ በር ነው። ከአንዱ በር ሥር ያቺ ውሻ ተቀምጣለች። በሩ አለ፤ አጥሩ የለም፣ ቤቱም የለም። በግራም በቀኝም እንደልቧ መሄድ ትችላለች። እሷ ግን ፊቷን ወደ በሩ አዙራ እስኪከፈትላት ትጠብቃለች።

እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ። በማግስቱም አለፍኩ። በሦስተኛው ቀን ተናደድኩ። በእሷ አይደለም፤ ሶፋውንና የአበባ ማሰሮውን ሳይቀር ጭነው እሷን ጥለው በሄዱት ሰዎች ነው። እኔ ደግሞ ስናደድ የማደርገውን አላውቅም። ከሱቅ ዳቦ ገዝቼ ወረወርኩላት። ሳታኝክ ዋጠችውና ተመልሳ በሩ ሥር ተቀመጠች። አንድ ጆሮዋ ከሥሩ ተቆርጧል። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ሁዳዴ ከገባ ሰንብቷል፤ ልኳንዳ ቤቶቹ ተዘግተዋል፤ በዚያ ወቅት የአዲስ አበባ ውሻ ከሰው ብሶ ነው የሚጾመው። ሻርፔን አንገቷ ላይ አስሬ ሳብኳት። ትነክሰኛለች ብዬ የሻርፑን ጫፍ ይዤ ራቅ አልኩ። አልነከሰችኝም። በየእርምጃው ዞር እያለች በሩን እያየች ተከተለችኝ።

ስም አላወጣሁላትም። ስም ካወጣሁላት ለሰው መስጠት ያቅተኛል ብዬ ፈራሁ። ሐሳቤ ለጥቂት ቀን አስጠግቻት ግቢ ላለው ደህና ሰው መስጠት ነበር። የእኔ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ነው፤ እኔና ቁም ሳጥኔ እንኳ የምንተላለፈው ተራ ጠብቀን ነው። ስለዚህ ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር፣ አሮጌ ብስክሌትና ባዶ የቀለም ጣሳ የሚጣልበት ቦታ ላይ ጆንያ አነጠፍኩላት።

ከጎረቤት ጋር ጦርነት ጠብቄ ነበር። ውሻ ያለበት ቤት መልአክ አይገባም ያሉኝ አልጠፉም፤ መልአክ ክንፍ አለው፣ በደረጃ አይወጣም ብዬ መለስኩላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ያላሰብኩት ነው። ከቤቴ ፊት ለፊት የምትኖረው ወዳጄ ክዳን ያለው ባልዲ አምጥታ ደረጃው ሥር አስቀመጠች። ለውሻዋ የሚተርፍ ያለው እዚህ ይጨምር ተባለ። በቃ፣ ባልዲው ባዶ ሆኖ አያውቅም። አንደኛ ፎቅ ያለችው አራስ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ መምህር፣ የሕንጻው ኮሚቴ ሊቀመንበር ሳይቀሩ ሚስታቸው የጠቀለሉላቸውን ይዘው ወርደው፣ ጎንበስ ብለው ክዳኑን ከፍተው ይጨምራሉ። የሽሮ ፍትፍት፣ የደረቀ እንጀራ፣ ጎመን፣ ምስር። የውሃ ታንከሩን ማን ይጠብ በሚለው ጉዳይ ዓመት ሙሉ ያልተስማማ ሕንጻ በአንዲት ጆሮ ቆራጣ ውሻ ተስማማ። ኮራሁ፤ ለቢሮ ሰው ሁሉ አወራሁ።

በአንዱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮሚቴው ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ ጸባየ ሸጋ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማ የለም፤ እኔንም "እህቴ" ሳይሉ ጠርተውኝ አያውቁም። በግቢው የባዘነ ውሻ መብዛቱን፣ አንዲት ተከራይ መነከሷን፣ ሰው በማለዳ ለመውጣት መፍራቱን በእርጋታ ዘረዘሩና፣ "ስለዚህ እርምጃ ይወሰዳል" አሉ።

"ማነው የሚወስደው?" አልኩ።

"ይወሰዳል፣ እህቴ።"

"ምን ዓይነት እርምጃ?"

"እንግዲህ አስፈላጊው ነዋ።"

ዞር ብዬ ሰዉን አየሁት። ሁሉም ጫማውን ያያል። ወዲያው ስለ መኪና ማቆሚያ ክርክር ተነሣ፤ በዚያ ላይ ሁሉም ድምፅ ነበረው። ስንበተን ሊቀመንበሩ ቀረብ ብለው ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። "የእርስዎን ቶሎ ቦታ ቢፈልጉላት ጥሩ ነው" አሉኝ። "በኋላ እንዳያዝኑ ብዬ ነው።" ፈገግታቸው የእውነት ፈገግታ ነበር፤ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።

በዚያው ሳምንት ወደ ሥራ ስወጣ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ሰው ቆሟል። ሁለት ውሾች ተዘርረዋል። እግራቸው እንደ እንጨት ግትር ብሏል፣ አፋቸው አረፋ ደፍቋል። በመካከላቸው ግማሹ የተበላ ቁራጭ ሥጋ ወድቋል። "ውይ! በሁዳዴ ሥጋ!" አለች አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት፣ አፏን በእጇ ይዛ። ሌላ ማብራሪያ ማናችንም አላስፈለገንም። በፍስክ ቢሆን የወደቀ ሥጋ ከማን ማዕድ እንደተረፈ ማን ያውቃል? በሁዳዴ ግን የሚበላ የለም፣ የሚተርፍም የለም። በሁዳዴ መሬት ላይ ሥጋ ያየ ሰው መርዝ አየ ማለት ነው። እኛ እንደዚያ ነው የምናውቀው። ማን እንደጣለው የግቢውን ጥበቃ ጠየቅኩት። "እኔ ምንም አላየሁም፣ እትዬ" አለኝ። ገና ምን እንዳየ ሳልጠይቀው ነበር የመለሰልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ሌላ ሰው ሆንኩ። ውሻዋን በአጭሩ አሰርኳት። ጠዋት ጠዋት የባልዲውን ክዳን ከፍቼ በጭልፋ እስከ ሥሩ እያገላበጥኩ ሥጋ እፈልጋለሁ። አጥንት፣ ጅማት፣ የስብ ቁራጭ። አንድም ቀን አላገኘሁም። ሽሮ ነው፤ ምስር ነው፤ የጾም ነው እያልኩ ልቤ ይረጋጋል። ከዚያ ስልኬን አንስቼ ግቢ ያለውን ሰው ሁሉ እለምናለሁ።

የቢሮ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ወንድ ነው ሴት?" ሴት ናት ስል ፊቱ ይጠቁራል። ሴት ውሻ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ትሰበስባለች፣ ትወልዳለች፣ ግቢ ታቆሽሻለች። "ወንድ ቢሆን በደስታ እወስደው ነበር" ይሉኛል፤ ልክ እኔ የሠራኋት ይመስል፣ ልክ መልሼ ልቀይራት የምችል ይመስል።

አንድ ጋራዥ ያለው ሰውዬ ብቻ ሴትነቷ አላስጨነቀውም። ይዤያት ሄድኩ። ደግ ፊት ያለው ጎልማሳ ነው፤ ውሃ አስቀረበላት፣ ራሷን ደባበሰ፣ የተቆረጠውን ጆሮዋን በጣቱ ዳሰሰ። "የጀመራት ሰውዬ አልጨረሰም" አለ። "ሁለተኛውንም ቆርጠን፣ ጠብሰን እናበላታለን። የራሷን ጆሮ የበላች ውሻ ማንንም አትምርም። ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ ትክረም፣ ምግቧ ላይ ሚጥሚጣ ይነስነስበት፤ በቃ፣ አውሬ ትሆናለች።" ይህን ሁሉ የሚለኝ ስለ ወጥ አሠራር እንደሚያስረዳ ሰው ተረጋግቶ ነው፤ እጁም ራሷን ከመደባበስ አላቋረጠም። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትደባበሳለች። ገመዱን እጄ ላይ ጠመጠምኩት። "አስብበታለሁ" ብዬ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ በሩጫ ነው የተመለስኩት።

በመጨረሻ ሰው የጠቆመኝ ያ መጀመሪያ ቀን ዳቦ የገዛሁበት የጌጃ ሰፈር ባለሱቅ ነው። ከፈረሰው ጎን ዳር ላይ ብቻቸውን የቀሩ አንዲት ባልቴት አሉ፣ ውሻ ይፈልጋሉ አለኝ። ሄድኩ። የሴትዮዋ ግቢ ዙሪያውን ፍርስራሽ ከቦት፣ ቆርቆሮ አጥሩ ብቻውን ቆሟል። ባለቤታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው የሠሩት ቤት ነው፤ ባልየው ከሞቱ ቆይተዋል። ልጆቻቸው መርካቶ ነጋዴዎች ናቸው፤ ይውጡ፣ ከእኛ ጋር ይኑሩ እያሉ ይለምኗቸዋል። እሳቸው ቁርጡ ሳይታወቅ ንቅንቅ አልልም ብለዋል። ሲመሽ ሰዎች ከፍርስራሹ ውስጥ ቆርቆሮና የመስኮት ብረት ሊነቅሉ ይመጣሉ። "ድምፅ እሰማለሁ፤ ማን እንደሆነ አላውቅም" አሉኝ። "የሚሰማልኝ ነው የምፈልገው፤ የሚነክስ አይደለም።"

ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻሽ የጠመጠሙ፣ ፈገግታ የማያውቃቸው ሴት ናቸው። ውሻዋን አልደባበሷትም። ውሃ በሳህን አስቀምጠው ወደኋላ ራቅ ብለው ስትጠጣ አዩዋት።

"ጆሮዋን ማን ቆረጣት?"

"አላውቅም፣ እማማ።"

"አንዱን ትተውላታል። እሰይ።"

"ሰንሰለት አለዎት?" አልኳቸው።

"ለምን? ሌባ ናት?"

ቤት እንደማትገባ፣ በረንዳው ላይ ግን ጆንያ እንደሚያነጥፉላት ነገሩኝ። ጥላ አለ፣ ውሃ አለ፣ ሰንሰለት የለም። ቤቷ ይሄ ነው አልኩ በልቤ። ልወጣ ስል፣ "ከወዴት ነው የመጣሽው ልጄ?" አሉኝ። ከልደታ ኮንዶሚኒየም ስላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ምንም አልጨመሩም፤ በሩን ከኋላዬ ቀስ ብለው ዘጉት፤ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁት።

ጎረቤቶቼ ውሻዋ ደህና ቦታ አገኘች ስላቸው ደስ አላቸው፤ ባልዲውን ግን ማንም አላነሣም። "አደራ፣ አድርሺላት" ይሉኛል። ስለዚህ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የባልዲውን ወደ ፌስታል ገልብጬ፣ ሥጋ አለመኖሩን አይቼ፣ ይዤላት እሄድ ጀመር። ባልቴቷ በሩን ፊታቸው በሚታየኝ ያህል ብቻ ይከፍቱታል። ፌስታሉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው "አላህ ይስጥልኝ" ይላሉ።

"ትንሽ ልያት?"

"ተኝታለች።"

"ስትበላ ልያትና ልሂድ።"

"በኋላ ትበላለች፣ ልጄ። ሥራሽ ይረፍድብሻል።"

በሩ ይዘጋል። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሳልስቱም እንዲሁ። አንዳንዴ ከበረንዳው በኩል ጥፍሯ ሊሾው ላይ ሲንኳኳ እሰማለሁ፤ ድምፄን ሰምታ ልትመጣ ስትል ሴትዮዋ በእግራቸው ይመልሷታል። ለምንድን ነው የማያሳዩኝ? የታመመች ይሆን? ያሰሯት ይሆን? ጆሮዋ ላይ ያላቸው ሐሳብ ተለውጦ ይሆን? ቢሮ ቁጭ ብዬ ወረቀት እያገላበጥኩ የማስበው ይህንኑ ነበር።

በዚያ ላይ ኮንዶሚኒየሙ ጸጥ ብሏል። ድሮ ሲመሽ ውሾቹ ሲጯጯሁ እንቅልፍ ነሱን ብዬ በመስኮት እሳደብ ነበር። አሁን የሚጮህ የለም። ጠዋት ጠዋት ማዳበሪያ የጫነ ጋሪ በጀርባ በር ሲወጣ ይታያል፤ ከማዳበሪያው አፍ የሚወጣውን ጭራ ሁላችንም እናያለን፣ ማንም አያወራም። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሊቀመንበሩ አገኙኝ። "የእርስዎስ ተመቻት? የት አደረሷት?" አሉኝ። አፌ ከልቤ ቀደመ። "እዚሁ ጌጃ ሰፈር" አልኩ። "ጎሽ" አሉኝ። "ቅርብ ነው።" ይህችን ሁለት ቃል ይዤ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ምን ማለታቸው ነው? ምንም ማለታቸው ላይሆን ይችላል። ሰው ቅርብ ነው ይላል፤ ቅርብ ስለሆነ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ልገዛ ብወጣ የጌጃ ሰፈሩ ባለሱቅ፣ "ሰምተሻል? እኛም ሰፈር ጣሉ" አለኝ። "ከወንዙ ወዲህ ያሉት ውሾች አልቀዋል።" ዳቦውን ባንኮው ላይ ትቼ ሮጥኩ። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት በዚያ ፍርስራሽ ላይ ስትሮጥ ያየ ሰው ቤት የተቃጠለባት ነው የሚመስለው።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ገፍቼ ገባሁ። ውሻዋ በረንዳው ሥር ራሷን ሳህን ውስጥ ቀብራ ትበላለች። ሳህኑ ውስጥ ያለው ሥጋ ነው። የሚያብለጨልጭ፣ አጥንት ያለው፣ ስቡ የረጋ ሥጋ። ዓይኔ ጨለመ። ሳህኑን በእግሬ መታሁት፤ እየተሽከረከረ ሄዶ ከአጥሩ ተላተመ። አፏን በሁለት እጄ ፈልቅቄ ጣቴን ጉሮሮዋ ድረስ ሰደድኩ። ያን ሁሉ ዓመት ውሻ ስፈራ የኖርኩት ሴት!

ባልቴቷ እጃቸው እንደረጠበ ከማድቤት ወጡ። "ምን ሆንሽ አንቺ?"

"ምን አበሏት? ሥጋ ነው እኮ! በሁዳዴ ሥጋ! ማን ሰጠዎት? እርስዎም ከእነሱ ጋር ነዎት?" እጮሃለሁ። ሰው ሁሉ ይስማኝ ብዬ እጮሃለሁ፤ የሚሰማ ጎረቤት እንደሌለ እየረሳሁ።

ሴትዮዋ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ በቀስታ፣ "ሁዳዴው የማነው ልጄ?" አሉኝ።

አላህ ይስጥልኝ እያሉ ፌስታል ሲቀበሉኝ የሰነበቱ ሴት ናቸው። ረመዳን ወጥቶ ዒድ ከዋለ ገና አልሰነበተም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ብጠየቅ ሳልሳሳት እመልሳለሁ። ግን ልጅነቴን ሙሉ በሁዳዴ ሥጋ የሌለበት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሥጋውን ሳይ የታየኝ ያ አረፋ ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ወደ ማድቤት ገቡ፤ ድስቱን እንዳለ ይዘው ወጡ። ክዳኑን ከፍተው አንድ ቁራጭ በጣታቸው አነሡና እያዩኝ አኘኩ፣ ዋጡ። ሌላ ቁራጭ አውጥተው እጃቸውን ዘረጉ። ውሻዋ ከእኔ ጉልበት ሥር ተነሥታ ሄዳ ከእጃቸው በላች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ" አልኩ። "እኔ የጾሙን እያመጣሁላት ድንገት ሥጋ ሳይ ጊዜ..." ንግግሬን ሳልጨርስ ዓይኔ አጥሩ ላይ አረፈ። ትናንት ያመጣሁት ፌስታል እንደቋጠርኩት ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። "አልበላችም እንዴ?"

"አልሰጠኋትም።"

"ለምን? ዛሬ ሊሰጧት ነው?"

"አንድም ቀን ሰጥቻት አላውቅም" አሉኝ። "ነይ።"

ከቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። ቆርቆሮው የተነቀለበት ቀዳዳ አለ፤ ከእሱ ወዲያ የጎረቤት ግቢ በነበረው ቦታ ጉድጓድ ይታያል። እንጀራው፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ የእነዚያ ሁሉ ጠዋቶች ምግብ እዚያ ተደፍቶ ሻግቷል። በላዩና በዙሪያው ቁራዎች ወድቀዋል፤ ክንፋቸው እንደተዘረጋ። አንዲት ግራጫ ድመት አፏን ከፍታ ጠርዙ ላይ ደርቃለች። ሽታው አፍንጫዬን መታኝ።

"መጀመሪያ ሰሞን ቁራው በልቶ ይሄድ ነበር" አሉ ሴትዮዋ። "እንዲህ የሆነው በዚህ ሳምንት ነው።"

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሥጋ የለውም። አንድ አጥንት፣ አንድ ጅማት የለውም። በጭልፋ እያገላበጥኩ እስከ ሥሩ የፈተሽኩት የጾም ምግብ ነው። እኔ ሥጋ ስፈልግ መርዙ በሽሮ መጣ። ይዤው የመጣሁትም እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"የሰው እህል አይመለስም፣ ልጄ። ይሉኝታ አለ። እዚያ እናንተ ዘንድ ውሻ ይጨርሳሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከዚያ የመጣ ነገር አላምንም። ብመልስልሽ ደግሞ ትቀየሚያለሽ፤ ተቀይመሽ ውሻዋን ብትወስጃት የምትወስጃት እዚያው ነው።"

"እሺ፣ ቁራው ከሞተ በኋላስ? ያን ጊዜ እንኳ አይነግሩኝም?"

ውሻዋ መጥታ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

"የምትመርዢው አንቺ ብትሆኚስ?" አሉኝ።

በሌላ ቀን እንዲህ ያለኝ ሰው ከእኔ ጋር ሰላምታ አይኖረውም ነበር። ያን ቀን አልተቆጣሁም። ፈራሁ፣ አፈርኩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዳግመኛ ልቤ አረፈ። ጥላና ውሃ ያለው ግቢ ስፈልግ ነው የከረምኩት፤ እኔን ራሴን የሚጠረጥርላት ሰው መፈለግ እንዳለብኝ አላወቅሁም ነበር።

"ፌስታሉን የሚሞላው ማነው?" አሉኝ።

"ጎረቤቶቼ። የሕንጻው ሰው ሁሉ።"

"ሁሉንም ታውቂያቸዋለሽ?"

"አውቃቸዋለሁ" አልኩ። ትንሽ ቆይቼ፣ "ስማቸውን" አልኩ።

እስከ በሩ ሸኙኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ሙሉ በሙሉ ከፈቱልኝ። "ስትመጪ ባዶ እጅሽን ነይ" አሉኝ። በአገራችን ለእንግዳ እንዲህ አይባልም፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ውሻዋን ራሷን ነካሁና ወጣሁ። አልተከተለችኝም፤ ዞር ብዬም ሳይ ከሴትዮዋ ጎን አልተነሣችም።

ወደ ልደታ ስመለስ ፀሐይዋ እየጠለቀች ነበር። ደረጃው ሥር ባልዲው እስከ አፉ ሞልቶ ክዳኑ በደንብ አልገጠመም። ሽሮው ገና ይሞቃል። እንዳለ አንሥቼ ወደ ቤቴ ይዤው መውጣት ጀመርኩ፤ ሌላ የሚነካው ፍጥረት እንዳይኖር። አንደኛ ፎቅ ላይ አራሷ በሯን ከፈተች። "ዛሬ ሳትወስጂላት!" አለችኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ "ደህና ትበላለች?" አሉኝ። ሊቀመንበሩ ከላይ እየወረዱ ነበር፤ እንዳልፍ ወደ ግድግዳው ተጠግተው ለባልዲው መንገድ ለቀቁልኝ። ሁሉንም ፊት ለፊት አየኋቸው። ሁሉም ፈገግ አሉልኝ። በሬ ጋ ስደርስ ወዳጄ፣ ባልዲውን ያመጣችው ወዳጄ፣ የተሸፈነ ሳህን ይዛ ቆማለች። "ፍትፍት ነው፣ አሁን የወጣ" አለችኝ፤ "ለእሷ ብዬ ነው።"

"ጠግባለች" አልኳት፤ ገብቼም በሩን ቆለፍኩ።